ሬዚደንሲ ልሄድ ነው፤ ምን ይጠብቀኛል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። 29 ዓመቴ ነው፤ ሠዓሊ ነኝ፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሦስት ዓመት ሳመለክት ቆይቼ ዘንድሮ ሆላንድ ውስጥ ያለ አንድ አነስተኛ የአርት ሬዚደንሲ (አርቲስቶች ለተወሰነ ጊዜ እየኖሩ የሚሠሩበት ቦታ) ተቀበለኝ። ከኖቬምበር 1 እስከ ጃንዋሪ 31 ነው። መኖሪያ ክፍል፣ ስቱዲዮና የወር አበል እሰጥሻለሁ ብሎኛል። ደስ ብሎኛል፤ እውነቱን ልንገርዎትና ግን ፍርሃቴ ይበልጣል። ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ስንት ሥራ ሠርቼ እንድጨርስ ይጠብቃሉ? ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? ምን ይዤ ልሂድ? እንግሊዝኛዬም ያን ያህል አይደለም። ቤተሰቦቼ ደግሞ «ከሄድሽ አትመለሺ» ይሉኛል፤ ይሄ ራሱን የቻለ ጭንቀት ሆኖብኛል። እባክዎ ሳይደብቁ ይንገሩኝ።

ሠዓሊዋ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እንኳን ደስ ያለሽ! ሦስት ዓመት ሙሉ «አልተሳካም» የሚል ኢሜይል እየተቀበሉ እንደገና ማመልከት ቀላል አይደለም። ፍርሃትሽም የሚገባ ነው። እኔ መጀመሪያ ስሄድ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም፤ ለዚህ ነው ላንቺ ረዘም አድርጌ የምመልሰው።

ወደ ቀለሙና ወደ ብሩሹ ሳንሄድ ግን ካሌንደር አውጪና ቀኑን ቁጠሪው። ኖቬምበር 30፣ ዲሴምበር 31፣ ጃንዋሪ 31። ድምሩ 92 ቀን ነው። የአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ (ሆላንድን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚያገለግለው) የሚፈቅደው በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው፤ የገባሽበትም የወጣሽበትም ቀን ይቆጠራል። ጋባዦችሽ «ሦስት ወር» ሲሉ ይሄን ላያስቡት ይችላሉ፤ እነሱ ቪዛ አይጠይቁማ። ዛሬውኑ ጻፊላቸው። ወይ ሁለት ሦስት ቀን ይቀንሱ፣ ወይ ለረጅም ጊዜ የሚሆነውን ፈቃድ እነሱ ይጀምሩልሽ። ቪዛውን ከጉዞሽ 6 ወር ቀደም ብለሽ ማመልከት ትችያለሽ፣ ከ15 ቀን ያነሰ ሲቀር ግን አይሆንም። መልሱ እስከ 45 ቀን ሊጎተት ይችላል። ቀጠሮ ማግኘቱ ራሱ ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ነገ ዛሬ አትበይ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድንም ያስፈልግሻል። እሱን ማን እንደሚገዛው አሁኑኑ ጠይቂ።

የግብዣ ደብዳቤሽን ደግሞ እንደገና አንብቢው፣ በእርሳስ እያሰመርሽ። ትኬቱን ማን ይቆርጣል? አበሉ የሚከፈለው መቼና በምን መንገድ ነው? በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ በባንክ፣ ባንክ ከሆነስ የቱ ባንክ? የዕቃ ማለትም የቀለምና የሸራ ወጪ ከአበሉ ውጭ ነው ወይስ ውስጡ ነው? እኔ አንድ ቦታ «የዕቃ ወጪህን እንመልስልሃለን» ተብዬ ደረሰኝ እየሰበሰብኩ ከኪሴ ገዛሁ። ገንዘቡ የገባልኝ አገሬ ከተመለስኩ ከሁለት ወር በኋላ ነው። መጨረሻውን ሳምንት በዳቦና በሻይ ነው ያሳለፍኩት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የሒሳብ ክፍላቸው አሠራር እንደዚያ ነው። እኔ ግን ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ አውቀው ነበር። መጠየቅ ስግብግብነት አይደለም። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የሚያቆይሽ ዩሮ በእጅሽ ይዘሽ ሂጂ።

እሺ፣ ስንት ሥራ ይጠብቃሉ ላልሽው፣ አብዛኞቹ ቁጥር የላቸውም። ይሄን ማመን ለእኛ ሰው ይከብዳል፤ ለእኔም ከብዶኝ ነበር። ትኬት ቆርጦ፣ አልጋ አንጥፎ፣ አበል ከፍሎ በምላሹ «ምን ሠራህ?» የማይል ሰው አለ እንዴ? አለ። የሚሰጡሽ ጊዜ ነው። ከቤት ኪራዩ፣ ከመብራት መጥፋቱ፣ ከማስተማሩ ሥራ፣ ከለቅሶውና ከሠርጉ ነጥለው ጊዜ ይሰጡሻል። ነገሩ በሙሉ ይሄው ነው።

ከቆዩት አንዱን ልንገርሽ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። አሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ፣ ፒተርቦሮ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ማክዳውል የሚባል ሬዚደንሲ አለ። የሙዚቃ ደራሲው ኤድዋርድ ማክዳውልና ፒያኖ ተጫዋቿ ባለቤቱ ማሪያን በ1907 የመሠረቱት ነው። የሚታወቅበት ልማድ ደስ ይለኛል፤ ምሳ በቅርጫት ሆኖ በየስቱዲዮው ደጃፍ ይቀመጣል፣ ያመጣው ሰው አያንኳኳም። ሳይጋበዝ ማንም የሌላውን ስቱዲዮ አይረግጥም። በየስቱዲዮው ውስጥ ደግሞ እዚያ የሠሩ ሰዎች በየተራ ስማቸውን የፈረሙበት ሳንቃ አለ። አስቢው፤ ምሳህን ይዘው መጥተው፣ እንዳያናጥቡህ ብለው ድምፃቸውን አጥፍተው ይሄዳሉ።

ጁሊ ምሕረቱን መቼም ታውቂያታለሽ፤ አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ አሜሪካ የሄደችው ሠዓሊ። ከ2000 እስከ 2001 ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ባለው ስቱዲዮ ሙዚየም ነዋሪ አርቲስት ነበረች። ሙዚየሙ በ1968 ሲከፈት «ስቱዲዮ» የሚለው ቃል ስሙ ውስጥ የገባው ለአርቲስቶች እዚያው መሥሪያ ቦታ እንዲሰጥ ታስቦ ነው። እሷም በ2004 ከሁለት ወዳጆቿ ጋር ሆና ከኒው ዮርክ ከተማ ራቅ ብሎ ገጠር ውስጥ ዴኒስተን ሂል የሚባል ሬዚደንሲ አቋቁማለች። ጸጥ ያለ ጊዜ ለሠዓሊ ምን እንደሚያደርግለት ስላየችው ይመስለኛል።

ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። አምስተርዳም ያለው ራይክስአካደሚ ሁለት ዓመት ድረስ ያቆያል። ሴኔጋል ውስጥ ደግሞ ሲንቲያን የምትባል ገጠር መንደር ውስጥ በ2015 የተከፈተ ትሬድ የሚባል ቦታ አለ፤ ጣሪያው የዝናብ ውኃ ለመንደሩ እንዲያጠራቅም ሆኖ ነው የተሠራው። አርቲስቱ የሚውለው ከመንደሩ ሰው ጋር ነው። ማክዳውል ከሰው ይለይሻል፣ ትሬድ ሰው መሃል ያስገባሻል። ያንቺ ወደየቱ እንደሚያደላ ለማወቅ ባለፈው ዓመት እዚያ የነበረ አርቲስት ፈልጊና ጻፊለት። ስማቸውን ድረ ገጹ ላይ ታገኚዋለሽ። ሰው ይመልሳል፤ ደስ እያለው ነው የሚመልሰው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ይሄኛውን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ላንቺ ግን ልንገርሽ።

እኔ ከመሄዴ በፊት ፒያሳ አንዲት ክፍል ለአራት ተጋርተን ነበር የምንሠራው። ሸራ ለመዘርጋት ሌላው እስኪወጣ እንጠብቃለን። ሬዚደንሲው ደርሼ ቁልፍ ሰጡኝና በሩን ከፈትኩ። ነጭ ግድግዳ፣ ሰፊ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር። ሌላ ምንም የለም። ዓመት ሙሉ የተመኘሁት ይሄን ነበር። ግን እጄ አልሠራ አለ። ማመልከቻዬ ላይ ስለ ሊስትሮ ልጆች ተከታታይ ሥዕል እሠራለሁ ብዬ ጽፌ ነበርና ቃሌን ላለማጠፍ ሁለት ሳምንት ታገልኩ። የሚወጣው ሁሉ ከዚህ በፊት የሠራሁት ነው፤ ያውም ደካማው ቅጂ። ማታ ማታ «ሰው ገንዘብ አውጥቶብኝ እኔ ተኝቻለሁ» እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

በአስራ ስድስተኛው ቀን አስተባባሪዋን፣ ደግ ሴት ነበረች፣ ሄጄ እውነቱን ነገርኳት። «ማመልከቻው እንድንመርጥህ ነው የጠቀመን፤ እዚህ ልትሠራው የግድ አይደለም» አለችኝ። ከቢሮዋ ስወጣ ትከሻዬ ቀለለኝ። በማግሥቱ ዳቦ ይጠቀለልበት በነበረው ቡናማ ወረቀት ላይ በከሰል የራሴን በር፣ የራሴን ወንበር፣ በመስኮቱ የሚታየኝን ግንብ መሳል ጀመርኩ። ዝም ብዬ፣ ለማንም ሳይሆን። በሁለት ወር ውስጥ አራት ያለቁ ሥራዎችና 60 ገደማ ንድፎች ያሉበት ደብተር ይዤ ተመለስኩ። አራቱን ሥራዎች ዛሬ ብዙም አልወዳቸውም። ደብተሩ ግን ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ዓመታት ሙሉ መገበኝ።

ስለዚህ እህቴ፣ የመጀመሪያዎቹ አስር አስራ አምስት ቀናት ባዶ ከሆኑብሽ አትደንግጪ። ተኚ። በእግርሽ ዙሪ። ገበያ ሂጂ፣ ቀለም መሸጫዎቹን እያቸው። የቫን ጎግ ሙዚየም ሂጂና ትምህርት ቤት በደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ያየነው ሥዕል ላይ ቀለሙ ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ከቅርብ ተመልከቺ። በቀን መቶ ሥዕል ለማየት ግን አትሩጪ። ሦስት መርጠሽ ከፊታቸው ቁጭ በይ። ይሄ ሁሉ ሥራ ነው፤ «ምንም አልሠራሁም» ብለሽ አትቁጠሪው። ዕቅድሽን መቀየር ብትፈልጊ ደግሞ ቀይሪ። ብቻ ለአስተባባሪው ቀድመሽ ተናገሪ፣ በመጨረሻው ሳምንት አይሁን።

ብርሃን፣ ቀለምና ሻንጣ

የምትሄጅው ክረምታቸው ላይ ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ ቀናችን ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። አምስተርዳም በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ ሰዓት ለሦስት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው፤ የምትገባው ከቀኑ አስር ተኩል ላይ። ያውም ከደመና ጀርባ። ይሄ ስሜትንም ሥራንም ይነካል። በመጀመሪያ ጠዋት ጠዋት የመውጣት ልማድ ያዢ፤ ያለችውን ብርሃን ቤት ውስጥ ተኝተሽ አታባክኚያት። ሁለተኛ፣ ስቱዲዮው ውስጥ የቀን ብርሃን የሚመስል ነጭ አምፖል እንዲኖር ጠይቂ። ቢጫ አምፖል ሥር ቢጫ ቀለም ይጠፋብሻል፤ ሰማያዊው ይጠቁርብሻል። ጠዋት ስታዪው ሌላ ሥዕል ሆኖ ይጠብቅሻል።

የዘይት ቀለም የምትጠቀሚ ከሆነ ጊዜውን አስቢ። ስስ ቅብ እንኳ ሲነኩት እንዳይለጠፍ ቀናት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ወፍራሙ ወራት ይወስዳል። ሥዕሉን ጠቅልለሽ በአውሮፕላን መመለስሽ ነውና ወፍራም የዘይት ሥራ ካለሽ በመጀመሪያው ወር ጨርሺው። በመጨረሻው ወር አክሬሊክ (በውኃ የሚቀጥነው ቀለም) ይሻልሻል፣ በሰዓት ውስጥ ይደርቃል። ተርፔንታይን (የዘይት ቀለም ማቅጠኛው) በሻንጣም በእጅም አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ ተቀጣጣይ ነው፣ እዚያው ግዢ። ሸራውን ከፍሬሙ ፈትተሽ ስትጠቀልይ የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ይሁን። ወደ ውስጥ ሲጠቀለል ቀለሙ ይጨማደዳል። የምትጠቀልይበት ቱቦም ወፈር ያለ ይሁን። ፍሬሙን አትሸከሚ፤ እዚህ ሌላ ታሠሪያለሽ።

እጅሽ የለመዳቸውን ብሩሾች ያዢ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ ያዢ። ቅቤና ቋንጣ ግን አትያዢ። የአውሮፓ ኅብረት መንገደኛ ከውጭ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ እንዲያስገባ አይፈቅድም፤ የእናትሽ ንጥር ቅቤ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገባ ማየት ያማል። የምትጾሚ ከሆነ ደግሞ የገና ጾም ኅዳር 15 ይገባልና ኖቬምበር 24 ላይ እዚያው ነሽ ማለት ነው። የጋራ ማዕድ ካላቸው «ቪጋን ነኝ» በያቸው፤ ወዲያው ይገባቸዋል፣ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግሽም።

ገናንም ጥምቀትንም እዚያው ነው የምታሳልፊው። ቀላል አይመስለኝም። ታኅሣሥ 29 ጠዋት ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ሆኖ አንቺ ብቻ በዓል ላይ ትሆኛለሽ። አስቀድመሽ አስቢበት። በዙሪያሽ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ካለ አድራሻውን ያዢ፣ ወይም ያን ቀን አብረውሽ ያሉትን አርቲስቶች ሽሮ ሠርተሽ ጋብዣቸው። ቡና ግን ከመቁላትሽ በፊት የጭስ መጠቆሚያው የት እንዳለ ጠይቂ። ወዳጄ አንዴ ክፍሏ ውስጥ ዕጣን አጭሳ የሕንጻው ደወል ጮኸ፤ ሰው ሁሉ በሌሊት ልብሱ በረዶ ላይ ቆሞ የእሳት አደጋ መኪና ጠበቀ። ደግሞ ለእሱም ክፍያ ሊጠየቅ ይችላል።

አብሮ መኖር

ኩሽና ምናልባት የጋራ ይሆናል። የበላሽበትን ወዲያው እጠቢ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ስም የተጻፈበትን አትንኪ፣ የጽዳት ተራሽን አትለፊ። ይሄን የምልሽ ስለማታውቂ አይደለም፤ እዚያ ሰው ቅር ሲለው ላይነግርሽ፣ ዝም ብሎ ሊርቅሽ ይችላል። «ነይ ቡና እንጠጣ» ካሉሽም ሒሳቡ የየራስ ሊሆን ይችላል። አይክፋሽ፣ ልማዳቸው ነው። ስቱዲዮ በሩ ከተዘጋ አታንኳኪ። አንቺም ስትዘጊ ማንም አይቀየምሽም። እኛ ጋ በር መዝጋት ነውር ይመስላል፤ እዚያ «እየሠራሁ ነው» ማለት ብቻ ነው።

የእንግሊዝኛሽ ነገር ያን ያህል አያስጨንቅሽ። አብረውሽ ካሉት ግማሾቹም እንዳንቺ ሁለተኛ ቋንቋቸው ይሆናል። ከእንግሊዝኛው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሉኝታችን ነው። አንድ ኩሬተር (ሥራ መርጦ አውደ ርዕይ የሚያዘጋጅ ባለሙያ) ስቱዲዮሽ ይመጣል፤ ሃያ ደቂቃ ነው ያለው። «ይሄ ምንድን ነው?» ሲልሽ «አይ፣ ምንም አይደል፣ ገና ነው» ትያለሽ። እኛ አገር ይሄ ጨዋነት ነው፤ ሰውየው ራሱ «ኧረ ቆንጆ ነው!» ይላል። እዚያ ግን ቃልሽን እንዳለ ይወስደዋል። ምንም አይደለም ካልሽው ምንም አይደለም ብሎ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሄዳል። በራሴ ደርሶብኛል። ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ስለ ሦስት ሥራዎችሽ ለእያንዳንዱ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፊና ጮክ ብለሽ ተለማመጂ። ከምን ተነሳሁ፣ በምን ሠራሁት፣ ምን አስቸገረኝ። ያ ይበቃል። «ስለ ኢትዮጵያ ንገሪን» የሚሉሽም ይኖራሉ። መልሺላቸው፣ ግን ሃያውን ደቂቃ አትስጪው። ቶሎ ወደ ሥዕልሽ መልሺው።

መጨረሻ ላይ ባብዛኛው ኦፕን ስቱዲዮ ይኖራል፤ በርሽን ከፍተሽ ሰው የሚያይበት ቀን ነው። አውደ ርዕይ አይደለም። ያላለቀ ሥራ፣ የቀለም ሙከራ፣ ደብተርሽን ጭምር ጠረጴዛ ላይ አውጪ። ሰዎች የሚወዱት እሱን ነው። የመጣውን ሰው ስምና ኢሜይል መመዝገቢያ ወረቀት በር ላይ አስቀምጪ፤ ከተመለስሽ በኋላ ለእያንዳንዱ ሁለት መስመር ጻፊ። አንድ ነገር ደግሞ፤ አምስተርዳም ውስጥ ለአፍሪካና ለዲያስፖራ አርቲስቶች የሦስት ወር ቆይታ የሚሰጥ ታሚ ምኒየሌ ፋውንዴሽን አለ። ስሙ በ1985 ቦትስዋና፣ ጋቦሮኔ ውስጥ በአፓርታይዱ ጦር የተገደለ ደቡብ አፍሪካዊ ሠዓሊ መታሰቢያ ነው። በዚያን ሰሞን እዚያ ያለው ማን እንደሆነ ጠይቂና ሂጂ፣ ተዋወቂው። ለሚቀጥለው ማመልከቻሽም ይጠቅምሻል።

«ከሄድሽ አትመለሺ»

ቤተሰብሽን አልወቅስም። የሚወዱሽ ናቸው፤ ኑሮውንም ያውቁታል። ሕይወትሽ ያንቺ ስለሆነ ደግሞ እኔ ልወስንልሽ አልችልም። የማውቀውን ግን ልንገርሽ። አንድ አርቲስት ተጋብዞ ሄዶ ሲቀር ኤምባሲው ይመዘግበዋል፣ ጋባዡም ያስታውሰዋል። ከዚያ በኋላ ከእኛ አገር ለሚያመለክተው ልጅ ደብዳቤ ለመጻፍ እጃቸው ይከብዳል። ያለ ወረቀት የቀረ ሠዓሊ ደግሞ ባብዛኛው ሥዕል አይሠራም፤ ሌላ ሥራ እየሠራ ነው የሚውለው። እንደዚያ ሆኖ ብሩሹን የጣለ፣ ከእኔ ይበልጥ ተሰጥኦ የነበረው ጓደኛ አለኝ። ሳስበው እስከ ዛሬ ያመኛል። በወቅቱ ተመልሶ የመጣ ግን ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ግብዣ ያገኛል፤ በወቅቱ መውጣቱ መመዝገቡ ራሱ ይመሰክርለታል። መቆየት ከፈለግሽም በትምህርት፣ በረጅም ሬዚደንሲ የሚቆዩበት በር አለ። በዚያ በር ግቢ። ለእናትሽ ይሄን አስረጃት፤ ሲነገራቸው ይገባቸዋል።

ስትመለሺ ጻፊልኝ፣ ደብተሩን ማየት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ

አጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ፤ ባሕር ዳር ነኝ። ሬዚደንሲ የሠዓሊ ብቻ ነው ወይስ በአማርኛ ለሚጽፍም አለ?

መልስ

አለ። ማክዳውል ጸሐፊም፣ የሙዚቃ ደራሲም፣ ፊልም ሠሪም ይቀበላል። ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሳራቶጋ ስፕሪንግስ ያለው ያዶም እንደዚያው። ያዶ በጸጥታ ሰዓቱ ይታወቃል፤ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ ሦስት እስከ ቀኑ አስር ማንም ማንንም አይረብሽም። ለጸሐፊ ከዚህ የሚሻል ነገር አላውቅም።

ያንተ ችግር ቋንቋው ነው። ባብዛኛው የሥራ ናሙና በእንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። ስለዚህ መጽሐፍህን በሙሉ አታስተርጉም፣ ገንዘብህን ትጨርሳለህ። አንድ ራሱን የቻለ፣ አስር ገጽ ገደማ የሆነ ታሪክ ምረጥና እሱን በደንብ አስተርጉመው። ተረትና ምሳሌ የበዛበትን አትምረጥ፤ ሲተረጎም ግማሹ ይፈስሳል። ሰውና ድርጊት ያለበትን ምረጥ። ትርጉሙን አማርኛ ለማይችል ሰው አስነብብና የት ላይ እንደቆመ ጠይቀው። ማመልከቻህ ላይ ደግሞ በአማርኛ እንደምትጽፍ በግልጽ አስቀምጥ፣ አትደብቅ። እዚያ ሄደህም በአማርኛ ጻፍ። ጊዜውን የሰጡህ መጽሐፍህን እንድትጽፍበት ነው፤ የቋንቋ ኮርስ አታድርገው።

ጥያቄ

ቀራፂ ነኝ፣ የአራትና የሰባት ዓመት ልጆች አሉኝ። ልጅ ይዞ መሄድ ይቻላል? ወይስ ለእኛ አይሆንም?

መልስ

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ብዙዎቹ ቤተሰብ አይቀበሉም። አንዳንዶቹ ግን ይቀበላሉ፣ የማይቀበሉትም ቢሆኑ ሲጠየቁ የሚያመቻቹበት ጊዜ አለ። ቆይታውን ሁለት ቦታ መክፈል ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፣ ለምሳሌ ዘንድሮ ሦስት ሳምንት፣ ከርሞ ሦስት ሳምንት። ሁለት ሳምንት የሚሰጡ አጫጭር ፕሮግራሞችም አሉ፤ ከእነሱ ይጀምሩ። ቀራፂ ስለሆኑ ደግሞ የመሣሪያ ነገር አለ። ብየዳ፣ ምድጃ፣ ድንጋይ መቁረጫ አላቸው ወይስ የላቸውም? ይሄን ሳይጠይቁ ሄዶ ከባዶ ክፍል ጋር መፋጠጥ አለ። እናትነትዎን ማመልከቻው ላይ ይጻፉት ወይም ይተዉት፣ እንደፈቀዱ። እኔ ግን በዚህ ምክንያት የቀረች ጎበዝ ቀራፂ በበዛች ቁጥር ጥፋቱን የማየው በእናቶቹ ላይ አይደለም፤ ፕሮግራሞቹ ናቸው መቀየር ያለባቸው።

ጥያቄ

አንድ የአውሮፓ ሬዚደንሲ ተቀብለንሃል ብሎ ለአንድ ወር 1,800 ዩሮ እንድከፍልና አንድ ሥራ ትቼ እንድመጣ ጠየቀኝ። ማጭበርበር ነው?

መልስ

የግድ ማጭበርበር ላይሆን ይችላል። ክፍያ የሚጠይቁ ትክክለኛ ቦታዎችም አሉ። ፓሪስ ሴን ወንዝ ዳር ያለውን፣ በ1965 የተከፈተውንና ከ300 በላይ ስቱዲዮ ያለውን ሲቴ አንተርናስዮናል ዴዛርን ብትወስድ አርቲስቱ ወይም የላከው ተቋም የሚያዋጣበት ፕሮግራም አለው። ስለዚህ ክፍያ መኖሩን ብቻ አይተህ አትፍረድ፤ በክፍያው ምን እንደምታገኝ እይ። ስቱዲዮ ነው ወይስ አልጋ ብቻ? ካለፉት ዓመታት አርቲስቶች ሁለቱን አግኝተህ አነጋግራቸው። ማንንም ማግኘት ካልቻልክ፣ ወይም «በሦስት ቀን ውስጥ ካልከፈልክ ቦታህ ይሰጣል» ካሉህ ተወው። ትክክለኛ ቦታ እንደዚያ አያጣድፍም። ለራሴ ቢሆን በዚህ ዋጋ አልሄድም፤ በዚያ ገንዘብ እዚሁ ብዙ ወር ስቱዲዮ ትከራይበታለህ።

ሥራ ትቶ መምጣቱ የተለመደ ነው። ግን የትኛው ሥራ እንደሆነ የምትመርጠው አንተ መሆንህ ውሉ ላይ ይጻፍ። የቅጂ መብቱም ካንተ ጋር መቅረቱ ይጻፍ። ሥራውን ሊሸጡት ይችሉ እንደሆነም ጠይቅ። ስምና አድራሻህን አጥፍተህ ውሉን ላክልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።